ከኮንክሪቱ በፊት፦ ስለ ግቢ መዋኛ ገንዳ የኤሌክትሪክ ዝርጋታና ዝቅተኛ ቮልቴጅ መብራት የወጣ የአቋም መግለጫ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ በሕጋዊ ፈቃድ የኤሌክትሪክ ሥራ የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች ያቋቋምነው ማኅበር፣ በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የሚሠሩ የመዋኛ ገንዳዎችን በሚመለከት ከአባላቱ ሲቀርቡለት የቆዩትን አቤቱታዎች መርምሮ፣ በጠቅላላ ጉባኤው መክሮበት፣ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥቷል። መግለጫው አባሎቻችንን፣ ገንዳ የሚያሠሩ የቤት ባለቤቶችን፣ የገንዳ ተቋራጮችንና የመብራት ዕቃ አቅራቢዎችን ይመለከታል።

የመግለጫው መነሻ

ወገኖቻችን ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ሲገዙ ወይም ሲያድሱ ገንዳ ማሠራት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በዚህ ማኅበራችን ደስ ይለዋል፤ የብዙ ዓመት ልፋት ውጤት ነውና። ቅሬታችን በአሠራሩ ቅደም ተከተል ላይ ነው። በመጀመሪያ የገንዳው ቅርጽ፣ የንጣፉ ድንጋይ፣ የሴራሚኩ ቀለምና የአጥሩ ዓይነት ይመረጣል። ቀጥሎ ተቋራጭ ገብቶ ይቆፍራል፤ ፌሮ ይታሰራል፤ ኮንክሪት ይሞላል፤ ዙሪያው ይነጠፋል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለልጆች የምረቃ ድግስ ወይም ለሜሞሪያል ዴይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። ቦታው ሲደርስ ከመሬት ብቅ ያሉ የሽቦ ጫፎች ይጠብቁታል። የሚጠየቀውም ጫፎቹን ከፓኔሉ ጋር አገናኝቶ፣ ፐርሚቱን በራሱ ስም አውጥቶ፣ ኢንስፔክተሩን እንዲያስተናግድ ነው።

ይህን ጥያቄ ያልሰማ አባል የለንም። ከሥሩ ምን እንደተቀበረ ያላየ ሰው ስለተቀበረው ነገር እንዲመሰክር ይጠየቃል። «አላየሁትምና አልፈርምም» ያለ እንደሆነ በወገኑ ላይ እንደጨከነ ይቆጠራል፤ ዋጋውም ፈቃድ ከሌለው፣ መድን ካልገባና ለፍተሻ ከማይቀርብ ሰው ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። ኢንስፔክተሩ ሥራውን ውድቅ ሲያደርግ ደግሞ ወቀሳው የሚያርፈው መጨረሻ በመጣው ባለሙያ ላይ ነው። አባሎቻችን ይህን ሸክም ለረጅም ጊዜ በየግላቸው ተሸክመውታል። ከእንግዲህ ጉዳዩ የማኅበሩ ነው።

ማኅበሩ ይህን ለመናገር ያለው ኃላፊነት

የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ለእንጀራ ብቻ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም። መንግሥት ለአንድ ባለሙያ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከግድግዳ ጀርባና ከመሬት በታች ያለውን፣ ነዋሪው ራሱ ሊያየውና ሊመዝነው የማይችለውን ሥራ በሕዝብ ስም እንዲጠብቅ አደራ ይሰጠዋል። ማኅበራችን የአባላቱን መብትና ጥቅም ለማስከበር እንደተቋቋመ ሁሉ ይህን አደራ የማስጠበቅ ግዴታም አለበት። ሁለቱ የተጋጩ በሚመስሉበት ጊዜ የሰው ሕይወት ይቀድማል። በዚህ መግለጫ የያዝናቸው አቋሞች አንዳንድ አባሎቻችንን ሥራ ሊያሳጡ እንደሚችሉ እናውቃለን፤ ይህን አውቀን ነው የወሰንነው።

ገንዳ ከሌላው የቤት ሥራ የሚለይበት ምክንያት

ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። በውኃ የራሰ ሰው ይህን መከላከያ ያጣል። በባዶ እግሩ እርጥብ ንጣፍ ላይ ቆሞ ወይም ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ የብረት መሰላል ሲይዝ፣ በደረቅ ክፍል ውስጥ ከቁብ የማይቆጠር አነስተኛ ቮልቴጅ ሊጎዳው ይችላል። ወደ 10 ሚሊአምፒር የሚጠጋ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሰውየው የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው በዚህ ሁኔታ መዋኘት ስለማይችል ኤሌክትሪኩ ባይገድለው እንኳ ይሰምጣል። አጠገቡ ያሉትም የተያዘው በኤሌክትሪክ መሆኑን ሳይጠረጥሩ ሊያድኑት ዘለው ይገባሉ።

የኤሌክትሪክ ደንቡ ይህን ስለሚያውቅ ለገንዳ ራሱን የቻለ አንቀጽ መድቧል። እ.ኤ.አ. በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና ዛሬ በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰው ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ በአንቀጽ 680 የገንዳዎችን ሥራ ከሥር እስከ ላይ ይዘረዝራል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚየል፣ ሰው የያዘውን መልቀቅ የሚያቅተው በምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሆነ ካጠኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ዛሬ ጂኤፍሲአይ የምንለውን መቁረጫ ሠሩ። መሣሪያው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ፣ ልዩነቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፒር ሲደርስ መስመሩን ይቆርጣል። ደንቡ መሣሪያውን መጀመሪያ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ግዴታው የተጣለውም በመዋኛ ገንዳ የውኃ ውስጥ መብራት ላይ ነበር። በየኩሽናውና በየመታጠቢያ ቤቱ የምናየው ሶኬት ከገንዳ ተነስቶ የመጣ ጥበቃ ነው።

ከመሬት በታች የሚቀረው ሥራ

ጂኤፍሲአይ ሁሉንም አደጋ አይሸፍንም። ከመንገዱ የኤሌክትሪክ መስመር በኒውትራሉና በመሬቱ በኩል ወደ ግቢ የሚደርስ አነስተኛ ቮልቴጅ አለ። በውኃውና በንጣፉ መካከል የዚህ ቮልቴጅ ልዩነት ሲፈጠር የብረት መደገፊያ የያዘ ዋናተኛ ንዝረት ይሰማዋል፤ የቤቱ ዋና ብሬከር ቢጠፋም ንዝረቱ ላይቆም ይችላል። ከዚህ የሚጠብቀው በሙያችን ቦንዲንግ የምንለው ሥራ ነው። በገንዳው ዙሪያ ሰው አንድ ላይ ሊነካቸው የሚችላቸው ነገሮች ሁሉ እርስ በርስ በመዳብ ተያይዘው በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት እንዳይኖር ይደረጋል።

ሥራው ይህን ይመስላል። ውፍረቱ ከ8 ኤደብሊውጂ (የአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ያላነሰ፣ አንድ ወጥ የሆነ የመዳብ ሽቦ ከገንዳው ፌሮ ጋር ለዚሁ በተመረተ ማያያዣ ይታሰራል። ሽቦው ወደ መሰላሉና የእጅ መደገፊያው መያዣዎች፣ ወደ ፓምፑ ሞተር፣ ወደ ማሞቂያው፣ ከገንዳው ውስጠኛ ግድግዳ እስከ 5 ጫማ ርቀት ወዳለው ቋሚ ብረት ሁሉ ይደርሳል። ውኃው ራሱም ቢያንስ 9 ስኩዌር ኢንች በሚሆን ብረት አማካይነት ከሥርዓቱ ጋር ይገናኛል። በገንዳው ዙሪያ ሰው የሚራመድበት የ3 ጫማ ስፋት ያለው ንጣፍም የዚሁ አካል ነው። በንጣፉ ውስጥ የተገናኘ ፌሮ ከሌለ፣ ከገንዳው ግድግዳ ከ18 እስከ 24 ኢንች ርቆ፣ ከንጣፉ ሥር ካለው የተደለደለ አፈር ከ4 እስከ 6 ኢንች ዝቅ ብሎ ገንዳውን የሚዞር የመዳብ ቀለበት ይቀበራል፤ በትንሹ በአራት ነጥቦችም ከገንዳው ጋር ይያያዛል።

አንባቢ ከዚህ አንድ ነገር እንዲይዝልን እንፈልጋለን። ከላይ ከዘረዘርነው ሥራ አብዛኛው ኮንክሪቱ ከተሞላና ንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ አይታይም፣ በዓይን አይፈተሽም፣ ሳይፈርስም አይታረምም። ሥራው መኖሩን ማረጋገጥ የሚቻለው ፌሮው ታስሮ፣ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ፣ ኢንስፔክተሩ በዓይኑ በሚያይባቸው ጥቂት ቀናት ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለገንዳው በአጠቃላይ ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚጠየቀው ግን ንጣፉን ማፍረስ ነው።

ስለ ዝቅተኛ ቮልቴጅ መብራት

በዚህ ጉዳይ በሰፊው ተሰራጭቶ የምናገኘው እምነት «መብራቱ ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ባለሙያም ፐርሚትም አያስፈልገውም» የሚል ነው። ማኅበራችን ዝቅተኛ ቮልቴጅ መብራትን ይደግፋል፤ ለግቢ ገንዳም አባላቱ ይህንኑ በቅድሚያ እንዲያቀርቡ ያበረታታል። የምንደግፈው ግን ከነሙሉ ሥርዓቱ ነው።

ደንቡ ለውኃ አካባቢ ዝቅተኛ የሚለው የቮልቴጅ ጣሪያ በተለመደው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 15 ቮልት፣ በማይቆራረጥ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ 30 ቮልት ነው። ለመብራቱ 12 ቮልት የሚሰጠው ሳጥን፣ ማለትም ትራንስፎርመሩ፣ በሌላው ጎኑ 120 ቮልት ይገባበታል። በሁለቱ መካከል ያለው መለያ ከተበላሸ 120 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ውኃው ይሄዳል። ደንቡ ለገንዳ ተፈትኖ የጸደቀ ትራንስፎርመር የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ መግቢያውና መውጫው ጥቅል የተለያየ፣ መውጫው ከመሬት ጋር ያልተያያዘ፣ በመካከላቸውም ከግራውንድ ጋር የተገናኘ የብረት ግድግዳ ወይም ተቀባይነት ያገኘ ድርብ መከላከያ ያለበት መሆን አለበት። አባሎቻችን በየግቢው የሚያገኙት ግን ብዙ ጊዜ ለአበባና ለመንገድ ዳር መብራት ተብሎ የተሸጠ ትራንስፎርመር ነው። የሁለቱም መውጫ 12 ቮልት ቢሆንም ለገንዳ የተፈቀደው አንደኛው ብቻ ነው።

ዝቅተኛ ቮልቴጅ ቀድሞ ማቀድን ይበልጥ ይፈልጋል እንጂ አይቀንስም። 100 ዋት የሚወስድ መብራት በ120 ቮልት ከ1 አምፒር ያነሰ ይስባል፤ ያው መብራት በ12 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ይስባል። ትራንስፎርመሩ ከመብራቱ 100 ጫማ ርቆ ከተሰቀለና በ12 ቁጥር ሽቦ ከተገናኘ፣ በመንገድ ላይ ብቻ ወደ 2.6 ቮልት ይጠፋል፤ መብራቱ ዘንድ የሚደርሰው 9 ቮልት ከግማሽ ያህል ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥፋቱም በግማሽ ይቀንሳል። ኤልኢዲ መብራት አነስተኛ ዋት ስለሚወስድ ችግሩን ያቀልለታል፤ በረጅም መስመር ላይ ብዙ መብራት ሲደረደር ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። የትራንስፎርመሩ ቦታ፣ የሽቦው ውፍረትና የቧንቧው ስፋት የሚወሰነው ከቁፋሮው በፊት በወረቀት ላይ ነው። ቧንቧው ጠባብ ሆኖ ከተቀበረ በኋላ ወፍራም ሽቦ አይገባበትም።

የመብራቱ አቀማመጥም እንዲሁ ነው። በውኃ ውስጥ የሚገባ መብራት፣ ለዝቅተኛ ጥልቀት ተፈትኖ ካልጸደቀ በስተቀር፣ የመስተዋቱ የላይኛው ጠርዝ ከውኃው ወለል ቢያንስ 18 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። አምፖል ለመቀየር ገንዳው እንዳይደርቅ፣ ትርፍ ኬብል ከመብራቱ ጀርባ ተጠቅልሎ መብራቱን እስከ ንጣፉ ድረስ ማውጣት ያስችላል። ትርፉን ኬብል «ረዝሟል» ብሎ የቆረጠ ሠራተኛ፣ ወደፊት መብራቱን የሚጠግነውን ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ እንዲሠራ ይፈርድበታል። የሽቦዎቹ መገናኛ የሆነው ጀንክሽን ቦክስ ከገንዳው ግድግዳ ቢያንስ 4 ጫማ ይርቃል፤ ከፍታውም በተለመደው አሠራር ከንጣፉ 4 ኢንች ወይም ከውኃው የመጨረሻ ከፍታ 8 ኢንች፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይወሰናል። ለውበት ሲባል በተክል መካከል ዝቅ ብሎ የተደበቀ ቦክስ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ውኃ ይገባዋል።

በመጨረሻም መብራቱ ራሱ ቦንዲንግ አያስፈልገውም ተብሎ የጸደቀ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ፌሮው፣ ንጣፉ፣ መሰላሉና የፓምፑ ሞተር ከግዴታቸው ነጻ አይወጡም። ባለ 12 ቮልት መብራት መምረጥ ገንዳውን ባለ 12 ቮልት ገንዳ አያደርገውም። የውኃ ማዞሪያው ፓምፕ 120 ወይም 240 ቮልት ነው፤ አሮጌው ሞተር በአዲስ ሲተካም የደንቡ የቅርብ ጊዜ እትሞች የጂኤፍሲአይ ጥበቃ ይጠይቃሉ።

ወደ አገር ቤት ስለሚላኩ ዕቃዎች

ቤት በኢትዮጵያ የሚያሠሩ ወገኖቻችን የገንዳ መብራትና ትራንስፎርመር ከዚህ ገዝተው ይልካሉ። በአገር ቤት ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከ120 ቮልት 12 ቮልት እንዲያወጣ የተሠራ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ እስኪቃጠል ድረስ ወደ 22 ቮልት ለማውጣት ይሞክራል፤ ይህም ለውኃ ውስጥ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ጂኤፍሲአይም በዚያ መስመር ላይ የሚታመን ጥበቃ አይሰጥም። ለወላጆች ቤት በፍቅር የተላከ ዕቃ ለጉዳት ምክንያት እንዳይሆን፣ መብራቱ፣ ትራንስፎርመሩና መቁረጫው ለአገሩ ቮልቴጅ የተሠሩ ሆነው ከአንድ ሥርዓት ተመርጠው እንዲገዙ ማኅበራችን ያሳስባል።

የምንቆምባቸው መርሆዎች

ከላይ የተዘረዘሩት እውነታዎች ሦስት መርሆዎችን ያስይዙናል። አንደኛ፣ የማይታይ ሥራ ከሚታየው ሥራ ይቀድማል፤ ከንጣፉ ውበት በፊት ከሥሩ ያለው መዳብ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ኃላፊነት ሥልጣንን ይከተላል፤ በዕቅዱ ላይ ድምፅ ያልተሰጠው ባለሙያ ለዕቅዱ ጉድለት ተጠያቂ ሊሆን አይገባውም። ሦስተኛ፣ ወገንተኝነት ደንብን አይሽርም። ዝምድና፣ የአገር ልጅነትና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጉርብትና ባለሙያው ይበልጥ እንዲጠነቀቅ የሚያስገድዱ ናቸው።

የማኅበሩ አቋሞች

በእነዚህ ምክንያቶች ማኅበራችን የሚከተሉትን አቋሞች ይዟል።

1. የግቢ መዋኛ ገንዳ የኤሌክትሪክ ሥራ ከቁፋሮ በፊት በወረቀት መታቀድ አለበት። ዕቅዱ የፓኔሉን አቅም፣ የፓምፑንና የማሞቂያውን መስመሮች፣ የትራንስፎርመሩንና የመብራቶቹን ቦታ፣ የቧንቧዎቹን መንገድና ጥልቀት፣ የቦንዲንጉን ሥርዓት፣ የሶኬቶቹንና የጥገና ማጥፊያውን ቦታ ያሳያል። ሶኬት ከውኃው ከ6 ጫማ ባነሰ ርቀት አይቀመጥም፤ በ20 ጫማ ውስጥ ያለ ሶኬት ሁሉ የጂኤፍሲአይ ጥበቃ ይኖረዋል፤ የጥገና ማጥፊያው ከመሣሪያዎቹ የሚታይ ሆኖ ከገንዳው ግድግዳ ቢያንስ 5 ጫማ ይርቃል።

2. የገንዳው ቦታ ሲመረጥ ቀና ብሎ ማየት ግዴታ ነው። ከገንዳው በላይ የሚያልፍ፣ ግራውንድ ከተደረገ ደጋፊ ሽቦ ጋር የተያያዘ ሽፋን ያለው የኤሌክትሪክ ኬብል እስከ 750 ቮልት ሲሆን ከውኃው ቢያንስ 22 ጫማ ተኩል ከፍ ማለት አለበት። ይህን በማያሟላ ቦታ በሚሠራ ገንዳ ላይ አባሎቻችን አይሠሩም።

3. ከቁፋሮ በፊት የተቀበሩ መስመሮችን ወደሚያመለክተው 811 መደወል ለድርድር አይቀርብም። ይህ አገልግሎት በጠቅላላው የሚያመለክተው የአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችን መስመር ስለሆነ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ባለቤቱ ራሱ ወደ ጋራዥ፣ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ግቢ መብራት የዘረጋቸው መስመሮች ተለይተው መፈለግ አለባቸው።

4. አባሎቻችን ያላዩትን የተቀበረ ሥራ በስማቸው አያስመዘግቡም። ኮንክሪቱ ወይም ንጣፉ ቀድሞ ከተሠራ፣ የቦንዲንጉን መኖር የሚያሳይ የጸደቀ የፍተሻ መዝገብ ሊቀርብ ይገባል። መዝገቡ ከሌለ ባለሙያው ጉዳዩን ለሚመለከተው የካውንቲ ወይም የከተማ ኢንስፔክተር አቅርቦ በሚሰጠው ውሳኔ መሠረት ብቻ ይሠራል።

5. ፈቃድ ማከራየት ወይም ማዋስ ከማኅበሩ አባልነት ጋር አይሄድም። ባልሠራው ሥራ ላይ ፐርሚት የሚያወጣ አባል ጉዳዩ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይታያል። ይህን የሚጠይቅ ተቋራጭም ከአባሎቻችን ጋር እንዳይሠራ ለአባላት ይገለጻል።

6. ዝቅተኛ ቮልቴጅ መሆን ከደንቡ ነጻ አያወጣም። ለገንዳ የሚውል ትራንስፎርመርና መብራት ለገንዳ አገልግሎት ተፈትኖ የጸደቀ መሆኑ በዕቃው ላይ ባለው ምልክት መረጋገጥ አለበት። ባለቤቱ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ቢያቀርብ እንኳ፣ ይህን የማያሟላውን አባሎቻችን አይገጥሙም።

7. ቦንዲንግና ጂኤፍሲአይ አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም። ወጪ ለመቀነስ ሲባል አንዱን ትቶ በሌላው መተማመን ተቀባይነት የለውም።

8. የፍተሻው ቀን በሥራው መርሐ ግብር ውስጥ ይግባ። የቦንዲንግ ፍተሻው ሳይጠናቀቅ ኮንክሪት እንዳይሞላ በባለቤቱና በተቋራጩ ውል ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። የድግስ ቀን መቃረብ ፍተሻን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

9. የኤሌክትሪክ ሥራው ዋጋ በገንዳው ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ተውጦ መቅረብ የለበትም። በውሉ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ፣ የሚሠራው ባለሙያ የፈቃድ ቁጥር ተጠቅሶ መስፈር አለበት። ባለቤቱ ቁጥሩን ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የማረጋገጥ መብት አለው፤ አባሎቻችንም ይህን ጥያቄ በክብር ያስተናግዳሉ።

10. ገንዳ ያለበት ቤት የሚገዛ ወገን ከመፈራረሙ በፊት የገንዳውን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ፈቃድ ባለው ባለሙያ ማስፈተሽ ይገባዋል። በገንዳ ውስጥ ወይም በመሰላሉ ላይ አነስተኛ ንዝረት እንኳ ከተሰማ ሰዎች የብረት መሰላልና መደገፊያ ሳይነኩ ወዲያው ከውኃው ይውጡ፤ ባለሙያ መርምሮ መንስኤውን እስኪያገኝ ድረስም ማንም አይግባ። ውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ለማዳን ዘሎ መግባት ሌላ ሕይወት ያስከፍላል። ቀድሞ ኤሌክትሪኩ ይጥፋ፣ 911 ይደወል፣ ሰውየውም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ይሳብ።

ጥሪ

ለቤት ባለቤቶች፦ ባለሙያውን ከገንዳ ተቋራጩ ጋር በአንድ ቀን ጥሩት። ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት ሦስታችሁ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በአንዳንድ አካባቢ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ላይ ራሱ ፐርሚት እንዲያወጣ ይፈቀድለታል፤ ይህ መብት ከደንቡም ከፍተሻውም ነጻ እንደማያወጣ ይታወቅ። በሥራ ላይ ያለው የደንቡ እትም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የአካባቢያችሁን ካውንቲ ወይም ከተማ መጠየቅ ቀዳሚው እርምጃ ነው።

ለገንዳ ተቋራጮች፦ ብዙዎቻችሁ ሥራችሁን በጥንቃቄ እንደምትሠሩ እናውቃለን፤ ከእናንተ ጋር መሥራትም እንፈልጋለን። ፌሮ የሚያስረው እጅና መዳብ የሚያያይዘው እጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ጉድጓድ ሊገናኙ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው የስልክ ጥሪና የቀን ቅንጅት ነው፤ ከአባሎቻችን በኩል ዝግጁነቱ አለ።

ለዕቃ አቅራቢዎች፦ የአትክልት መብራት ትራንስፎርመርን ለገንዳ እንዲሆን አድርጎ መሸጥ ወይም ገዢው እንዲህ ሲያስብ ዝም ማለት ይብቃ። አማርኛ ተናጋሪ ደንበኛ ያላችሁ ነጋዴዎች ልዩነቱን በአማርኛ አስረዱ፤ የማብራሪያውን ጽሑፍ ማኅበራችን ያለ ክፍያ ያዘጋጃል።

ለአባሎቻችን፦ ይህ መግለጫ «አልችልም» ለማለት ድፍረት ያጣችሁበት ቀን እንዲደግፋችሁ ነው። ደንበኛችሁ የቅርብ ሰው ሆኖ ፊታችሁን ሲያይ፣ ውሳኔው የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ ንገሩት፤ መግለጫውንም ስጡት። በዚህ አቋም ምክንያት ሥራ ያጣ አባል ለማኅበሩ እንዲያሳውቅ፣ ማኅበሩም ሌላ ሥራ በማፈላለግ እንዲተባበረው ጉባኤው ወስኗል።

ማኅበራችን በእነዚህ አቋሞች ላይ ከማንኛውም ወገን ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ጊዜና ስለ አሠራር ቅንጅት የሚቀርብ ሐሳብ በቅንነት ይታያል። ያልታየ ሥራን ማጽደቅንና ፈቃድ ማዋስን በተመለከተ ግን የምንነጋገርበት ነገር የለም። መግለጫው በጉባኤው ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ በአባላት ሁሉ ላይ የጸና ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ደንቡ በታደሰ ቁጥር የቴክኒክ ኮሚቴው ቁጥሮቹን መርምሮ ያስተካክላል።